ከቤት መኪና ወደ ተሳቢ ቤት ለመቀየር አስበናል፤ የወሎን ዳገትና ቁልቁለት የምታውቁ ምከሩን

ጥያቄ — የጉድጓድ ሰው፣ መርሳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ ከሦስት ሠራተኞች ጋር ሆነን የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ እያወጣን እንጠግናለን። ሥራችን በአብዛኛው ከቆቦ እስከ ጊራና በተዘረጋው ሜዳ ላይ ነው፤ የመስኖ ጉድጓዶች እዚያ ስለሚበዙ በሐራ፣ በመርሳና በውርጌሳ ዙሪያ ሥራ አይጠፋም። አልፎ አልፎ ወደ ከሚሴ ቆላ ወይም ወደ ደላንታ ደጋ እንጠራለን። አንድ ጉድጓድ ላይ አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት እንቆያለን፤ ፓምፑን በፓራንኮ፣ ማለትም በሰንሰለት ማንሻ፣ እየሳብን፣ ቱቦውን አንድ በአንድ እየፈታን ስናወጣ ስለሚመሽብንና ብዙዎቹ ጉድጓዶች ከከተማ ስለሚርቁ ማደሪያችንን ይዘን መዞር ግድ ሆኖብናል።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አይሱዙ ገዝተን፣ ወንበሮቹን አውጥተን ቤት አደረግነው። ከኋላ ተደራራቢ አልጋዎች፣ መካከል ላይ ወጥ ቤት፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ፣ ከወለሉ ሥር የ400 ሊትር ውሃ ማጠራቀሚያ፣ በኋለኛው በር በኩል ደግሞ የመፍቻና የቱቦ ማስቀመጫ አለው። ብዙ አገልግሎናል፤ ውለታውንም አንረሳም።

ችግሩ ቤቱና መኪናው አንድ መሆናቸው ነው። ጉድጓድ ዳር ከሰፈርን በኋላ አንዲት የቱቦ ማያያዣ ለመግዛት ወልድያ መሄድ ሲያስፈልግ ቤቱ በሙሉ ይነሣል። ባለቤቴ ምድጃውን አጥፍታ ጋዙን ትፈታለች፤ ጀበናዋን በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታስገባለች፤ ሰሃኑ ሁሉ ወደ መደርደሪያው ተመልሶ መዝጊያው በገመድ ይታሰራል። እኛ የውሃውን ጎማ እንጠቀልላለን፣ የጥላውን ሸራ እናወርዳለን፣ ከጎማዎቹ ሥር ያደረግነውን ታኮ እናነሣለን። በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ ለመነሣት 45 ደቂቃ፣ ተመልሶ ለመስፈር ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለአንዲት ማያያዣ ሲባል የግማሽ ቀን ሥራ ይባክናል።

ከሁሉ የባሰው ግን ባለፈው ኅዳር የደረሰብን ነው። ካምቢዮው ተበላሽቶ መኪናው ጋራዥ ገባ፤ በሳምንት ያልቃል የተባለው ሥራ መለዋወጫ እየተጠበቀ 19 ቀን ፈጀ። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ቤታችንም አብሮት ገባ፤ አልጋችን፣ ልብሳችንና መፍቻዎቻችን ሁሉ ከጋራዡ አጥር ውስጥ ቀሩ። እኛ አልቤርጎ ተከራይተን ስንጠብቅ ሐራ አጠገብ የጀመርነው ጉድጓድ ሳይጠገን ቆመ፤ የገበሬዎቹ ሽንኩርት ውሃ አጥቶ ሲጠወልግ እያየሁ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ያሰብነው ቤቱን ከመኪናው መለየት ነው። የጅቡቲ መስመር ረጃጅም መኪኖች ጭነታቸውን እንደሚጎትቱት፣ የተሳቢው አፍንጫ በጎታቹ ጀርባ ላይ ባለው በግሪስ በሚቀባው ክብ ብረት፣ ማለትም ሾፌሮቹ ፊፍዝ ዊል በሚሉት ላይ የሚያርፍ ቤት ብናሠራ፣ ቤቱን ጉድጓዱ ዳር አቁመን በጎታቹ ብቻ ወዲያ ወዲህ ማለት እንችላለን። ጎታቹ ቢበላሽም ሌላ ተከራይተን ቤታችንን ይዘን እንሄዳለን።

ነገር ግን ያልገቡን ብዙ ናቸው። አንድ ዘመዳችን ያገለገለ ቶዮታ ሃይሉክስ ይበቃችኋል ይለናል፤ እውነት ይበቃልን? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሀረጎ ስንወርድስ ተሳቢው አይገፋንም ወይ? ከቤት መኪና ወደ እንዲህ ያለ ተሳቢ የተቀየረ ሰው ካለ ምን አገኘ፣ ምንስ አጣ? በጥንቃቄ የሚመልስልን ሰው ብናገኝ ደስ ይለናል፤ ያለችንን ገንዘብ በሙሉ የምናወጣበት ጉዳይ ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል የለንም።

መልስ — የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ አብሽሩ፤ አሳባችሁ የሚሆን ነው። ነገር ግን ከቤቱ አትጀምሩ። ከጎታቹ ጀምሩ፤ ከጎታቹም ከፍሬኑ ጀምሩ። ቤቱ ምን ያህል ክፍል ይኑረው የሚለው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጌ ወደብ ድረስ 22 ዓመት ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ በነጠላ መኪና፣ ቀጥሎ ከኋላ በዘንግ የሚያያዝ ተሳቢ ባለው፣ በመጨረሻም እናንተ በምትሉት ዓይነት ነድቻለሁ። በዘንግ የሚያያዘው ተሳቢ በጭራ የሚጎተት ነው፤ ሲወዛወዝ የጎታቹን ጀርባ ይዞ ይወዛወዛል፤ ወደ ኋላ ስትመልሱትም በሁለት ቦታ ይታጠፋል። በፊፍዝ ዊል የሚያያዘው ግን ክብደቱን በጎታቹ የኋላ አክስል ላይ ወይም ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚያሳርፍ ጎታቹን መሬት ላይ ይተክለዋል። ነፋስ በሚበረታበት የአፋር ሜዳ ላይ ልዩነቱን በመሪው ላይ በእጄ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በዓይነቱ ምርጫ ላይ አልተሳሳታችሁም።

ዘመዳችሁ ግን ተሳስቷል። እስቲ አብረን እንደምር። ከኋላ በኳስ የሚያያዝ ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን በጎታቹ ላይ ይጥላል፤ ይህኛው ደግሞ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይጥላል። ቤታችሁ ከነዕቃው 40 ኩንታል ሆነ እንበል፤ አምስተኛው እጅ ብቻ አፍንጫው ላይ ቢያርፍ 8 ኩንታል ነው። አምስት ሰው ሲሳፈርበት ሦስት ኩንታል ተኩል ይጨመራል፤ ክብ ብረቱና መቀመጫው ደግሞ ከ70 ኪሎ አያንስም። ድምሩ ከ12 ኩንታል አለፈ። ሃይሉክስ የሚሸከመው 10 ኩንታል ገደማ ነው። መጎተት ይችላል የተባለው መጠን ላይ ሳይደርስ ጀርባው ይሰበራል፤ ሰዎች ሁልጊዜ የሚረሱት ይህን ነው፤ ስንት ይጎትታል ብለው ይጠይቃሉ እንጂ ስንት ይሸከማል ብለው አይጠይቁም። በዚያ ላይ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ካሶኒው አጭር በመሆኑ በጠባብ ቦታ ስትዞሩ የቤቱ አፍንጫ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ያገኘዋል።

እኔ ብሆን ባለ ሁለት ጋቢናውን ትንሹን የጭነት አይሱዙ ነበር የማየው። ሲገዛም በሻጩ ቃል ሳይሆን በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ በተጻፈው መሠረት መኪናው ከነጭነቱ ስንት፣ ከነተሳቢውስ ስንት እንደተፈቀደለት ይታያል።

አሁን ወደ ሀረጎ እንምጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ 650 ሜትር ትወርዳላችሁ። ልጄ የፊዚክስ መምህር ነው፤ አስልቶ እንደነገረኝ ጎታችና ቤት ተደምረው 90 ኩንታል ቢሆኑ፣ ከዚያ ቁልቁለት የሚወጣው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 170 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያን ሙቀት የሚቀበለው ወይ ሞተሩ ነው፣ ወይ የፍሬን ሸራችሁ ነው። ሞተሩ እንዲቀበለው ከአናቱ ላይ ሳትወርዱ ማርሽ ትቀንሳላችሁ፣ የሞተር ፍሬኑን ትከፍታላችሁ። ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ማርሽ መፈለግ አደጋ ነው። አንድ ጊዜ ከፊቴ የሚወርድ መኪና ታምቡሩ፣ ማለትም የፍሬን ሸራው የሚታሽበት ከጎማው ጋር የሚዞር ብረት፣ ጭሶ ሲቆም ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ወርዶ ውሃ ሊያፈስበት ሲል ጮኼ አስቆምኩት፤ የጋለ ታምቡር ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬን የሚባል ነገር አይኖርም። ዝም ብሎ ቆሞ በነፋስ ይቀዝቅዝ።

ስለዚህ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ደግሞም ተሳቢው በሆነ ምክንያት ከጎታቹ ቢላቀቅ በራሱ የሚይዝ መሣሪያ ይደረግለት።

መንጃ ፈቃዱንም አትርሱ። ለከባድ ተሳቢ የሚሰጠው ደረቅ 3 ነው፤ የእናንተ ክብደት በየትኛው ምድብ እንደሚገባ ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ።

መልስ — የሐይቅ ልጅ፣ ከዴንቨር

ሐይቅ ተወልጄ ደሴ የተማርኩ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ ነው። እኔና ባለቤቴ ከቤት መኪና ወደ ፊፍዝ ዊል ተሳቢ ከተቀየርን አራት ዓመት ሆነን፤ ጥያቄህን ሳነብ የራሳችንን ታሪክ ያነበብኩ ያህል ተሰማኝ። እኛም የተቀየርነው ሞተሩ ሲታመም ቤታችን አብሮ ሆስፒታል ስለሚገባ ነበር።

ያገኘነውን ልንገርህ። ቤቱን አንድ ጊዜ ካቆምነው በኋላ በጎታቹ ብቻ ገበያም ሐኪም ቤትም እንሄዳለን። የምንጠብቀው ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ ጎታቹን ስንለውጥ ቤቱ ይቀራል፤ ቤቱን ስንለውጥ ጎታቹ ይቀራል። የውስጡም ስፋት ሌላ ነው፤ የሾፌር ወንበርና የሞተር ቦታ ስለሌለው ሙሉ ርዝመቱ የመኖሪያ ነው፤ ከጎታቹ ጀርባ በላይ የሚወጣው አፍንጫ ደግሞ መኝታ ይሆናል።

ያጣነውም ቀላል አይደለም። በቤት መኪና ዝናብ እየወረደ ብንደርስ ከሾፌሩ ወንበር ተነሥተን ወደ አልጋችን እንገባ ነበር፤ እግራችን ጭቃ አይነካም። አሁን ማን እንደሚወርድ እንነጋገራለን፤ አንዱ ወርዶ ታኮ ያደርጋል፣ የተሳቢውን ማቆሚያ እግሮች ያወርዳል፣ ከጎታቹ ጋር የሚያገናኘውን የኤሌክትሪክ መስመር ይነቅላል። ለአንተ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ ሠራተኞችህ እስከ ዛሬ በቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ይጓዙ ነበር። በተሳቢ ውስጥ ሰው አይጫንም። እዚህ አንዳንድ ግዛቶች በዚህ ዓይነቱ ተሳቢ ውስጥ መሳፈርን ይፈቅዳሉ፤ እኔ ግን ተፈቅዶም አላደርገውም፤ ሾፌሩ ከኋላው የሚሆነውን አያይም፣ አይሰማምም። ስለዚህ አምስታችሁም በጋቢናው መቀመጥ አለባችሁ፤ ጋሼ ያሉት ባለ ሁለት ጋቢና ለዚህም ግድ ነው።

ማያያዙን በደንብ ተማሩት። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ማለዳ ተቻኩለን ስናያይዝ የቤቱ አፍንጫ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለነበር ኪንግ ፒን የሚባለው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የተሳቢው የብረት ምሰሶ በክብ ብረቱ መካከል ባለው መያዣ መንጋጋ ውስጥ ሳይገባ ከብረቱ በላይ ተቀመጠ። ከላይ ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል። እግሮቹን አንሥተን ወደ ፊት ስንንቀሳቀስ ቤቱ ተንሸራትቶ በካሶኒው ጠርዝ ላይ ወደቀ፤ የሁለቱንም ጎን ብረት አጎበጠው። ሰው በመካከል ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሚተርፍ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እንዲህ እናደርጋለን፤ ታኮው ሳይነሣ፣ እግሮቹም መሬት እንደነኩ፣ ባለቤቴ በእጅ ባትሪ ጎንበስ ብሎ መንጋጋው ፒኑን ከኋላው መዝጋቱን ያያል፤ ከዚያ እኔ የተሳቢውን ፍሬን ይዤ ጎታቹን በቀስታ ወደ ፊት እስበዋለሁ። ካልተላቀቀ ብቻ እግሮቹ ይነሣሉ። ስትፈቱም ታኮ ሳይደረግ ምንም ነገር አትንኩ፤ ጎታቹ ሲለቀው ቤቱን የሚይዘው ያ ታኮ ብቻ ነው።

ወደ ኋላ ለመመለስ የሚጠቅም አንድ ነገር ላካፍልህ። እጅህን ከመሪው ሥር፣ በታችኛው ጠርዝ ላይ አድርግ፤ የቤቱ ጀርባ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ስትፈልግ እጅህን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትፈልግ ወደ ግራ አንቀሳቅስ። ስትታጠፍ ደግሞ ተሳቢው የጎታቹን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በመርሳ ገበያ ቀን ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሚሸጡትን እናቶች አስባቸው፤ ሰፋ አድርገህ ታጠፍ።

እዚህ የአይዘንሃወር ዋሻ የሚባለው የመኪና ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ወደዚያ ስንወጣ ሞተሩ ሲደክም ሁልጊዜ የደላንታ መንገድ ይታወሰኛል። በ2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ያንኑ ያህል ያጣል። ጎታችህ ባለ ተርቦ ይሁን።

ደግሞም ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው አክስል ብታገኝ በ12 ቮልት የሚሠራ ሊሆን ይችላል፤ የጃፓን ሥሪት የሆኑት የጭነት አይሱዙዎች ደግሞ 24 ቮልት ናቸው። መቀነሻ ሳይገባለት ካገናኛችሁት ይቃጠላል።

መልስ — እመት ዘሀራ፣ ወልድያ

እኔ የምለው አጭር ነው። ያ ቅጥቅጥ አሁንም የሚሄድ ከሆነ አትሽጡት። ያገለገለ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ግዙና ለዕቃ መግዣ ተጠቀሙበት፤ የማያያዣው ችግር በዚያ ይፈታል። የቀረው የጋራዡ ችግር ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው። ያላችሁን በሙሉ ከማውጣታችሁ በፊት ይህንንም አስቡበት።

መልስ — ብረታ ብረት ሠሪ፣ ደሴ

ተሳቢና የመኪና አካል እየሠራሁ ስለምተዳደር ስለ ቤቱ አሠራር ብቻ ልናገር። አሠሪዎች ወደኔ ሲመጡ የሚያዩት ርዝመቱንና ቀለሙን ነው፤ እኔ የማየው ግን የላሜራውን ውፍረት ነው። አንድ ካሬ ሜትር ባለ አንድ ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 6 ሜትር ርዝመት፣ 2.30 ወርድና 2.10 ከፍታ ያለው ቤት ግድግዳውና ጣሪያው 49 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ብረት ብታለብሱት ላሜራው ብቻ ወደ 6 ኩንታል ይጠጋል፤ በዚያው ውፍረት በአሉሚኒየም ብታለብሱት 2 ኩንታል ነው። አራት ኩንታል ማለት ሙሉ የውሃ ማጠራቀሚያችሁ ማለት ነው። በኮምፔርሳቶ ውስጡን ስትለብዱም ቀጭኑን ምረጡ፤ ክብደት በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ በየመደርደሪያው እየተደበቀ ይገባል እንጂ።

ውሃው የሚቀመጥበትን ቦታ በወረቀት ላይ አሁኑኑ ወስኑ። 400 ሊትር ውሃ ሲሞላና ሲጎድል የአፍንጫው ክብደት እንዳይቀያየር በተሳቢው አክስሎች ላይ መቀመጥ አለበት። ከኋላ ብታደርጉት አፍንጫው ይቀልና ጎታቹን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከፊት ብታደርጉት ጎታቹን ያጎብጠዋል።

ሌላው ክብ ብረቱ ነው። የከባድ መኪናዎቹ በብዛት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ይዘነበላል፤ ለአስፋልት ይበቃል። እናንተ ግን በማሳ መካከል ስለምትገቡ ጎታቹ በአንድ ጎን ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ቤቱ ቀጥ ብሎ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ ጠመዝማዛው ኃይል አካሉን ሁሉ በሚሸከመው ዋና ብረት፣ በሻንሲው ላይ ያርፋል። ወደ ጎንም የሚዘነበል ዓይነት ፈልጉ። ሲገጠምም በአይሱዙው ሻንሲ የላይኛና የታችኛ ከንፈር ላይ አይበሳም፣ አይበየድም፤ ሁለተኛ ፍሬም ተደርቦ በሻንሲው ጎን በቡሎን ይታሰራል። በዚህ ጉዳይ ርካሽ ብየዳ የሚያቀርብላችሁን ሰው እባካችሁ አትስሙ፤ የተሰነጠቀ ሻንሲ ለጥገና ሲመጣልኝ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊትም ጎታቹ እንደሚሻሻል፣ ተሳቢውም አዲስ እንደሚሠራ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አመልክታችሁ ፈቃድ ያዙ። ከተሠራ በኋላ ልመዝገብ ማለት ሰውን ያመላልሳል።

ጠያቂው ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እመት ዘሀራ ያሉትን እኔና ባለቤቴ ሦስት ሌሊት ተነጋግረንበታል። ባጃጅ ማያያዣ ያመጣልናል፤ ፓምፕና ሞተር ተሸክሞ ወደ ጥገና ሊወስድ ግን አይችልም፤ የ19 ቀኑም ነገር ዳግም እንዲደርስብን አንፈልግም። ስለዚህ መቀየሩን ወስነናል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ካሰብነው ተለይቷል።

በመጀመሪያ ጋሼ እንዳሉት ከክብደት ጀመርን። ቅጥቅጡን ከነሙሉ ዕቃው ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 71 ኩንታል ሆነ። ከዚያ መፍቻውን፣ ፓራንኮውን፣ ባለ ሦስት እግሩን ማንሻና መለዋወጫ ቱቦውን አውርደን ደግመን ስንመዝን 60 ኩንታል ሆነ። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ 11 ኩንታል ብረት ከአልጋችን ሥር ይዘን ነው የምንዞረው። አዲሱ ቤት ማደሪያ ብቻ እንዲሆን፣ የሥራው ዕቃ ደግሞ በጎታቹ ሻንሲ ግራና ቀኝ በሚሠሩ ሳጥኖች እንዲከፋፈልና ቱቦው በየሥራው ቦታ እንዲከራይ ተስማምተናል። ቤቱ ከ5 ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ልብሱ አሉሚኒየም ይሆናል፤ ከነውሃው ከ30 ኩንታል እንዳያልፍ ከሠሪው ጋር በውሉ ላይ እናሰፍራለን። በዚህ ስሌት አፍንጫው ላይ የሚያርፈው 6 ኩንታል ገደማ ነው፤ ባለ ሁለት ጋቢናውና ባለ ተርቦው አይሱዙ ከሰዎቹና ከሳጥኖቹ ጋር ይችለዋል፤ የፋብሪካውን ሰሌዳ ፎቶ አንሥቼ ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ።

ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠይቃለች፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሳትጎነበስ እንድትቆም። በቅጥቅጡ ውስጥ ስድስት ዓመት አንገቷን አዘንብላ ነው ያበሰለችው። ለእሱ ሲባል የጣሪያው ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ተጨምሯል፤ በየከተማው ዝቅ ብለው የተዘረጉትን የኤሌክትሪክ ገመዶች ለመጠንቀቅ ደግሞ ጠቅላላ ከፍታውን በጋቢናው ውስጥ በትልቁ እንጽፋለን።

ወደ ደላንታ ስንጠራ ቤቱን ይዘን አንወጣም። ወልድያ የዘመድ ግቢ ውስጥ አቁመነው፣ በጎታቹ ብቻ ወጥተን በድንኳን እናድራለን። ይህን ማድረግ የምንችለው ቤቱና መኪናው ስለተለያዩ ነው፤ ቀድሞ ያላሰብኩት ጥቅም ነው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ከደሴ ወደ መርሳ ቀጥታ ከመሄዳችን በፊት ፍሬኑን በሀረጎ ልንፈትነው ይገባል ብዬ አስባለሁ። እንዴት ብንፈትነው ይሻላል?

መልስ — የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ ኮምቦልቻ

ደግ አሰብክ። የመጀመሪያው ቀን ቤቱ ባዶ ይሁን፤ ውሃም አይኑርበት። መኪና ሳይበዛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡ። ከከተማው ሳትወጡ በለጥ ያለ ቦታ በዝግታ እየሄዳችሁ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ያዙ፤ ጎታቹን ወደ ኋላ ጎትቶ ሊያቆመው ይገባል። ካላቆመው ወደ ቁልቁለቱ አትሂዱ። ካቆመው ሀረጎ አናት ላይ ቆማችሁ ማርሹን ቀንሱና፣ የሞተር ፍሬኑን ከፍታችሁ፣ እግር ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ፤ እግራችሁን ጭናችሁበት አትቆዩ።

ኮምቦልቻ ስትገቡ ከመንገዱ ዳር አቁሙ፤ ታኮ አድርጉ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ጎማ ታምቡር ሳትነኩ መዳፋችሁን አስጠግታችሁ ሙቀቱን አወዳድሩ። በተሳቢው ላይ ያሉት ሁሉ እኩል መሞቅ አለባቸው። ከሌሎቹ አብልጦ የሚያቃጥል ካለ ሸራው ሳይለቅ እየታሸ ወርዷል፤ ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል። ጭራሽ የቀዘቀዘ ካለ ደግሞ ሥራውን ለሌሎቹ ጥሎ የወረደ ነው፤ እሱን ሳታስተካክሉ ውሃም ዕቃም አትጫኑበት። ቤቴ ከአስፋልቱ ሩቅ አይደለም፤ የወረዳችሁ ቀን ደውሉልኝ፤ አብሬያችሁ አየዋለሁ።